የእናት ፍርሃት እና የልጅ ስኳር፦ ከ9.1 ጀርባ ያለው ምንድን ነው?

ጥያቄ

«የ9 ዓመት ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለባት ከታወቀ 16 ወር ሆነ። ክብደቷ 27 ኪሎ ነው። በሦስተኛው ወር ላይ አንድ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ አንቀጠቀጣት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እየተነሣሁ ጣቷን እወጋለሁ። ማታ ስትተኛ 150 እንኳ ብትሆን 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለው ብስኩት ያለ ኢንሱሊን እሰጣታለሁ። 1 ዩኒት ለ20 ግራም ነው የምንሰጣት፤ 1 ዩኒት ደግሞ ስኳሯን 100 ያህል ይቀንሳል። የመጨረሻው የሦስት ወር ምርመራዋ 9.1 በመቶ መጣ። ነርሷ ‹አንቺ ስትጨነቂ የልጅሽ ስኳር ይወጣል፤ አትጨነቂ› አለችኝ። ባለቤቴ ልጅቷን መውጋት ይፈራል። እውነት ልጄን የሚያሳምማት የእኔ ጭንቀት ነው? ምንስ ላድርግ?»

ምላሽ

ጭንቀትዎ በራሱ የልጅዎን ስኳር ከፍ አያደርገውም። ከፍ የሚያደርገው ጭንቀቱ የሚያስደርግዎ ነገር ነው፤ እሱም በጥያቄዎ ውስጥ በራስዎ ቃል ተጽፏል፦ ማታ ያለ ኢንሱሊን የሚሰጥ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት። ጭንቀትን «ሂድ» ቢሉት አይሄድም። ብስኩቱን ግን በግራም ቆጥሮ መቀነስ ይቻላል፤ ስለዚህ ሥራችን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እዚህ የምጠቅሳቸው የስኳር ቁጥሮች ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። 1 ዩኒት 20 ግራም የሚሸፍን እና ስኳሯን በ100 የሚቀንስ ከሆነ፣ ያለ ኢንሱሊን የተበላ 20 ግራም ስኳሯን በ100 ያህል ያወጣዋል። 150 ላይ ሆና የተኛች ልጅ 250 አካባቢ ታድራለች ማለት ነው። የሦስት ወሩ ምርመራ (ኤችቢኤዋንሲ፣ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ) 9.1 በመቶ ሲሆን አማካይ ስኳሯ 214 ገደማ ነው ማለት ነው፤ 7 በመቶ ቢሆን ኖሮ 154 ገደማ ይሆን ነበር። ሌሊቱ የ24 ሰዓቱ ሲሶ ነው። ሲሶው ጊዜ በ100 ከፍ ብሎ ሲያልፍ የሙሉው ቀን አማካይ በ33 ያህል ይወጣል፤ ይህም በሦስት ወሩ ምርመራ ላይ ከ1 ነጥብ በላይ ይጨምራል። ከ9.1 እስከ 7 ያለው ርቀት 2.1 ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹን ያህል አንድ ብስኩት ብቻውን ሊያስረዳው ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሚለፉት ልፋት አልባከነም፤ ማታ ማታ በአንድ ቀዳዳ ስለሚፈስ ነው የማይታየው።

ነርሷም ከመሬት ተነሥታ አልተናገረችም። የወላጅ ሥነ ልቦና እና የልጅ ስኳር ቁጥጥር እንደሚገናኙ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ፣ ሕመሙ በታወቀበት ሰሞን በአማካይ 33.5 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ 19 በመቶ የሚሆኑ ወላጆች ከፍ ያለ የሥነ ልቦና ጫና እንዳለባቸው አሳይቷል። እንግዲህ በ16ኛው ወር ላይ እንቅልፍ ማጣትዎ እርስዎን ከሌላው ወላጅ የተለዩ ደካማ አያደርግዎትም። ግንኙነቱ ደግሞ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ የወላጅ መጨነቅ ቁጥጥሩን እንደሚያውከው ሁሉ፣ የማይረጋ ስኳር እና በየሌሊቱ የሚሰበር እንቅልፍም ወላጁን ያስጨንቃል። «አትጨነቂ» የሚለው ምክር ይህን ሁለተኛውን መንገድ ይረሳዋል፤ በዚያ ላይ ለደከመች እናት አንድ ተጨማሪ ጥፋት ያሸክማታል። ልጅዎ ራሷ ስትደነግጥ ወይም ስትናደድ አድሬናሊን እና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች ስኳሯን ሊያወጡት ይችላሉ። ይህ ግን በእሷ ሰውነት ውስጥ የሚሆን ነገር ነው እንጂ ከእርስዎ ልብ ወደ እሷ ደም የሚሻገር አይደለም።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ እናቶች አፍ አውጥተው የማይጠይቁት ስለሆነ። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የጣፊያ (ፓንክሪያስ) ሕዋሳት ሲያጠቃ ነው። ሂደቱ ምልክት ከመታየቱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ይጀምራል። በጣፋጭ፣ በድንጋጤ ወይም በአስተዳደግ ጥፋት አይመጣም። በእርግዝናዎ ጊዜ ያደረጉት ወይም ያላደረጉት ነገር እንዳለ ልብዎ እየነገረዎት ከሆነ፣ ልብዎ ተሳስቷል።

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንመለስ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው ያለው። ሕመሙ በታወቀ በመጀመሪያዎቹ ወራት ኢንሱሊን ሲጀመር ጣፊያ ለጊዜው ትንሽ ያገግማል። የጫጉላ ወቅት ይሉታል። በዚያ ጊዜ ልጁ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን በቀን በኪሎ ከ0.5 ዩኒት በታች ሊወርድ ይችላል፤ ጣፊያውም በራሱ ጊዜ ኢንሱሊን ስለሚጨምር ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ ይበዛል። የልጅዎ መንቀጥቀጥ የደረሰው በሦስተኛው ወር ነው፤ ያኔ በዚህ ወቅት ውስጥ ሳትሆን አትቀርም። ዛሬ በ16ኛው ወር ያለው ሰውነቷ ያን ሌሊት የነበረው ሰውነት አይደለም፤ መጠኖቿም ከዚያ ወዲህ ተቀይረዋል። ስለዚህ ከሐኪሟ ጋር ቁጭ ብላችሁ የዚያን ቀን ሁኔታ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል፦ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሮጣ ነበር? እራቷን አጋምሳ ነበር? ማታ ተጨማሪ የማስተካከያ ኢንሱሊን (ከፍ ያለ ስኳርን ለማውረድ የሚሰጥ) ተሰጥቷት ነበር? መርፌው ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ይሆን? ምክንያቱ የታወቀ ፍርሃት ልክ ይኖረዋል፤ የትኛውን ሌሊት መጠንቀቅ እንዳለብዎ ይነግርዎታል። ምክንያቱ ያልታወቀ ግን ሌሊቱን ሁሉ አደገኛ ያደርገዋል፤ እርስዎም አሁን የሚኖሩት እንደዚያ ነው።

ፍርሃትዎ ግን መሠረት የለውም አልልም። በ1993 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው እና ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 39 ዓመት የሆኑ 1,441 ሰዎችን የተከታተለው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳራቸውን ወደ 7 በመቶ ባወረዱት ሰዎች ላይ የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድል 9 በመቶ አካባቢ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸር በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። በዚያው ጥናት ውስጥ ከባድ የስኳር መውረድ በጥብቅ ቁጥጥር በተያዙት ላይ በሦስት እጥፍ ጨመረ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን የኢንሱሊን ዓይነቶች እና መከታተያዎች ተሻሽለዋል፤ ዛሬ ዝቅ ያለ አማካይ ማለት የግድ ብዙ የመውረድ አደጋ ማለት አይደለም። ከፍ አድርጎ ማሳደርም «ለጥንቃቄ» የሚባል ነገር አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የሚቆይ ስኳር የዓይንን እና የኩላሊትን ብቻ ሳይሆን በማደግ ላይ ያለን አንጎልም ይነካል።

አሁን ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድመው ይህን ብስኩት ለሐኪሟ ይንገሩ። ብዙ ወላጆች እንዳይቆጧቸው ብለው ይደብቁታል፤ አደጋው የሚመጣው ደግሞ ከመደበቁ ነው። ሐኪሙ የጠዋቱን ከፍተኛ ቁጥር አይቶ፣ ብስኩቱን ሳያውቅ፣ ረጅም ጊዜ የሚሠራውን ኢንሱሊን ጨምሮ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ብስኩቱ በዝቶ የተሰጠን ኢንሱሊን እየመገበ ነው ማለት ነው፤ ዛሬ ማታ በአንድ ጊዜ ቢያቆሙት ስኳሯ በእርግጥም ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ይህን ምላሽ አንብበው ዛሬውኑ ብስኩቱን እንዳይተዉት አደራ እላለሁ።

ከዚያ ለ14 ሌሊት አንድ ደብተር ይያዙ፤ በዚህ ጊዜ ምንም አይቀይሩ። በየማታው አምስት ነገር ይጻፉ፦ ስትተኛ ያለው ስኳር፣ የተሰጠው ምግብ በግራም፣ በመጨረሻዎቹ 4 ሰዓታት ውስጥ የተወጋችው ፈጣን ኢንሱሊን፣ የሌሊቱ እና የጠዋቱ ቁጥር፣ በመጨረሻም የእርስዎ ፍርሃት ከ0 እስከ 10። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ለማንም የማያስፈልግ ሊመስል ይችላል። ግን ሁለት ሳምንት ሲሞላ ፍርሃትዎ 7 እና ከዚያ በላይ የሆነባቸውን ሌሊቶች ይቁጠሩ፤ ከእነዚያ ውስጥ ስኳሯ በእውነት ከ70 በታች የወረደው ስንቱ ላይ ነው? ፍርሃት እና ስኳር አብረው የማይንቀሳቀሱ መሆናቸውን በራስዎ እጅ የጻፉት ቁጥር ሲነግርዎት፣ ባለሙያ ከሚነግርዎት በላይ ይገባል። አብረው ከተንቀሳቀሱ ደግሞ እሱም ትልቅ ዜና ነው፤ መጠኗ መስተካከል አለበት ማለት ነው።

ደብተሩን ይዘው ከሐኪሟ ጋር ከተስማሙ በኋላ ብስኩቱን በደረጃ ይቀንሱ፦ አንድ ሳምንት 15 ግራም፣ ቀጣዩን ሳምንት 10፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ ያለ ብስኩት። ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያልፉት በሳምንቱ ውስጥ አንድም ሌሊት ከ80 በታች ካልወረደች ብቻ ነው። ከወረደች ባሉበት ይቆዩ፣ ሐኪሙንም ያማክሩ። ምግብም ፈጣን ኢንሱሊንም ሳይኖር ከመኝታ እስከ ጠዋት ስኳሯ ከ30 እስከ 50 በላይ የሚወርድ ከሆነ፣ ረጅሙ ኢንሱሊን በዝቷል፤ መፍትሔውም መጠኑን መቀነስ ነው። በየደረጃው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ፍርሃትዎ ከፍ ይላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ብስኩቱን መልሰው ከሰጡ ፍርሃቱ ለዚያች ሌሊት ይበርዳል፣ ለነገው ግን ይበረታል። ሳይሰጡ ካለፉት በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይመጣል።

የሌሊት መነሣቱም ደንብ ይፈልጋል። በምን ሌሊት መለካት እንዳለበት አስቀድሞ ቢወሰን፣ በሌላው ሌሊት መተኛት መብት ይሆናል። ከሐኪሟ ጋር የምትስማሙበት ደንብ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦ ከሰዓት በኋላ ከወትሮው በላይ ከተጫወተች ወይም ከሮጠች፣ ከታመመች ወይም ካስመለሳት፣ በዚያ ቀን ስኳሯ በከባዱ ወርዶ ከነበረ፣ በመጨረሻዎቹ 3 እስከ 4 ሰዓታት የማስተካከያ ኢንሱሊን ከወሰደች፣ የኢንሱሊን መጠን ከተቀየረ ሁለት ሦስት ቀን ካልሞላ፣ ወይም ስትተኛ ከተስማማችሁበት ቁጥር በታች ከሆነች፣ ያን ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ይለካል። ከሰዓት በኋላ የተደረገ ስፖርት ስኳርን የሚያወርደው ወዲያው ብቻ አይደለም፤ ከ7 እስከ 11 ሰዓት ቆይቶ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላም ሊያወርደው ይችላል። ይህን ያላወቀ ወላጅ «ምንም ሳይሆን ወረደ» ይላል፤ ያኔም እያንዳንዱን ሌሊት መፍራት ይጀምራል።

ስኳሯ ከ70 በታች ስትሆን የሚሰጣት መጠንም መታወቅ አለበት፤ የተደናገጠ እጅ አብዝቶ ይሰጣልና። ለልጆች መነሻው በኪሎ 0.3 ግራም ፈጣን ስኳር ነው፤ ለ27 ኪሎ 8 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ እንደማለት ነው። 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይለኩ፣ ገና ከ70 በታች ከሆነች ይድገሙ። እነዚያ 15 ደቂቃዎች እጅግ ረጅም ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እነሱን መጠበቅ አቅቶት 40 ግራም ሲሰጥ ነው። በልጅዎ ሒሳብ 40 ግራም 200 ያወጣል፤ ያን ለማውረድ ኢንሱሊን ይሰጣል፤ ከዚያ እንደገና ትወርዳለች።

ከባድ መውረድ ቢመጣ፣ ማለትም ራሷን ብትስት ወይም ቢያንቀጠቅጣት፣ በአፍ ምንም አይሰጥም። በጎኗ ትተኛለች፣ ግሉካጎን (የወረደ ስኳርን በፍጥነት የሚያወጣ መድኃኒት) ይወጋል፤ 25 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ 1 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች 0.5 ሚሊግራም። በአፍንጫ የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ 3 ሚሊግራም ነው። ግሉካጎን ቤት ከሌለ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል። የመድኃኒቱን የአገልግሎት ጊዜ ዛሬ ይመልከቱ። በቤትዎ ያለ አዋቂ ሁሉ የተቀመጠበትን ቦታ እና አወጋጉን ካወቀ፣ ለፍርሃትዎ ከማንኛውም ማጽናኛ ቃል ይልቅ ይህ ይሠራል።

የፍርሃት ተቃራኒ የሚመስለው ችኮላም ከአንድ ሥር ነው የሚበቅለው። 300 ያየ ወላጅ ማስተካከያ ይሰጣል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 290 ሲያይ «አልሠራም» ብሎ ይደግማል። ፈጣን ኢንሱሊን ግን ጉልበቱን የሚያሳየው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሰዓትም ይሠራል። ሁለቱ መጠኖች ተደራርበው በሦስተኛው ሰዓት ያወርዷታል። በሁለት የማስተካከያ መጠኖች መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑር፤ ሐኪሟ ለእሷ የተለየ ጊዜ ካልሰጠ በቀር። ከ250 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) ይለካ። በደም ከ0.6 ሚሊሞል በሊትር በታች ደኅና ነው፤ 1.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ለሐኪም ይደወላል፤ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ስለ ባለቤትዎ። መርፌ የሚፈራ አባት ግድ የለሽ አይደለም፤ አባቶች ጭንቀታቸው ብዙ ጊዜ በመራቅ ወይም በመቆጣት ስለሚገለጥ ሰው አያየውም። ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሕክምና ያን ሰው ይሰብረዋል፤ እሱ የታመመ ቀንም ልጁ አደጋ ላይ ነው። «አግዘኝ» የሚል ልመና ለውጥ አያመጣም። የሚሠራው ሙሉ ሥራ ማስረከብ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እርስዎ እየሠሩ እሱ ይመልከት፣ ሒሳቡንም አብሮ ያስላ። መርፌውን ከፈራ ባዶ መርፌ በራሱ ሆድ ላይ ይሞክር፤ አጭሩን፣ የ4 ሚሊሜትሩን መርፌ አንዴ ከተወጋ ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ ይቀላል። በሁለተኛው ሳምንት እሱ ይሥራ፣ እርስዎ ይመልከቱ፣ አደጋ ካልሆነ በቀር አይናገሩ። በሦስተኛው ሳምንት እሱ ይሥራ፣ እርስዎ ከክፍሉ ይውጡ። ይህ ሦስተኛው ለእሱ ሳይሆን ለእርስዎ ነው ከባዱ። እርስዎ በሚያደርጉበት መንገድ ላያደርገው ይችላል፤ መጠኑ ልክ ከሆነ ይተዉት። እርማት በየደቂቃው የሚሰጠው ሰው ሥራውን መልሶ ይጥለዋል።

ከዚያ ሌሊቶቹን ተካፈሉ። ግማሽ ሌሊት ግማሽ ሌሊት ከመካፈል ሙሉ ሌሊት መካፈል ይሻላል፤ የተረኛው ያልሆነው ወላጅ በሌላ ክፍል ወይም ድምፅ በማይሰማበት ቦታ ይተኛ፤ ቢያንስ 5 ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ ያግኝ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ስሌት ይሳሳታል፣ ይቆጣል፣ ነገሩ ሁሉ ከሆነው በላይ አስፈሪ ሆኖ ይታየዋል። የእርስዎ እንቅልፍ የልጅዎ ሕክምና አካል ነው ብል እያጋነንኩ አይደለም። ብቻዎን ለሚያሳድጉ ሰዎች ይህ ከባድ ነው፤ ቢሆንም በሳምንት አንድ ሌሊት እንኳ የሚረከብ አንድ የሠለጠነ ዘመድ ማዘጋጀት ተገቢ ነው።

ተከታታይ የስኳር መከታተያ (ሴንሰር) ማግኘት ከቻሉ የሌሊቱን ጣት መውጋት በብዙ ይቀንሰዋል። በየ5 ደቂቃው ቁጥር ማየት ግን ለተጨነቀ ሰው ሌላ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። የዝቅታ ማንቂያውን 70 ላይ፣ የከፍታውን ለሌሊት 250 ላይ ያድርጉ፤ 180 ላይ ካደረጉት እንቅልፍ አይኖርም፣ ቆይቶም ጆሮ ሁሉንም ማንቂያ መናቅ ይጀምራል። ልጅ መሣሪያው በተለጠፈበት ጎን ስትተኛ ሐሰተኛ ዝቅታ ያሳያል፤ ስለዚህ ምልክት ከሌላት ከማብላትዎ በፊት በጣት ያረጋግጡ። ለዓይነት 1 ልጆች የተቀመጠው ግብ ከጊዜው ከ70 በመቶ በላይ በ70 እና በ180 መካከል መሆን፣ ከ70 በታች ደግሞ ከ4 በመቶ በታች መሆን ነው። 4 በመቶ ማለት በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጥቂት መለስተኛ ዝቅታ በደንብ በተያዘች ልጅ ላይም ይኖራል፤ እያንዳንዷን እንደ ውድቀት መቁጠር አያስፈልግም።

ልጅዎ 9 ዓመቷ ነው፤ ፊትዎን ታነባለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመጀመሪያው ቃል «ስንት ነው?» ከሆነ፣ እናቷ ከእሷ በፊት ቁጥሩን እንደምታይ ይገባታል። ሰላምታው ይቅደም፣ ውሎዋን ይጠይቁ፣ ከዚያ ይለካ። 320 ሲመጣ «ምን በላሽ?» የሚለው ጥያቄ ምርመራ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠየቀች በኋላ መደበቅ ወይም ቁጥር መፍጠር ትጀምራለች፤ የተደበቀ ቁጥር ደግሞ ወደ ተሳሳተ መጠን ይመራል። «እሺ፣ አየነው። አሁን ምን እናድርግ?» ይበሉ። ቁጥሩን «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ከማለት «ከፍ ያለ»፣ «ዝቅ ያለ»፣ «በልኩ» ማለት ይሻላል፤ ልጅ «መጥፎ» የሚለውን ወደ ራሷ ትወስደዋልና። ጭንቀትዎን ፈጽሞ መደበቅ ግን አይጠበቅብዎትም። «እናትሽ ያን ሌሊት ደንግጣለች፤ አሁን ደግሞ ሐኪም እየረዳት ነው» ማለት ለልጅ ከዝምታ ይቀላታል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ ከፊታችሁ አለ። የዛለ ወላጅ ልጁ 11 ወይም 12 ሲሞላ «አሁን ትልቅ ሆነሻል» ብሎ ሁሉን ይለቃል። በጉርምስና ሆርሞኖች ምክንያት የኢንሱሊን ፍላጎት በቀን በኪሎ ከ1 ዩኒት በላይ የሚወጣውም ያኔ ነው። መርፌውን ራሷ ትውጋ፤ ማየቱ እና ሒሳቡን አብሮ መሥራቱ ግን ከእርስዎ ጋር ይቆይ።

በመጨረሻ ስለ ራስዎ ጤና። የጻፉት ነገር ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናቸውም ይለያያል። የመጀመሪያው ከስኳሩ ሥራ የሚመጣ ዝለት ነው፤ ስለ ሌላው ነገር ሲወራ ይስቃሉ፣ ይበላሉ፤ ስኳሩ ሲነሣ ብቻ ይከብድዎታል። ለዚህ እረፍት፣ ሥራ መካፈል እና ከሌሎች ወላጆች ጋር መገናኘት ብዙ ይረዳል። ሁለተኛው ያን ሌሊት ያስከተለው ጠባሳ ነው፦ ሁኔታው ሳይጠሩት በዓይንዎ ይመጣል፣ በትንሽ ድምፅ ይባንናሉ፣ ልጅቷ በተኛችበት ክፍል ልብዎ ይመታል። ይህ ከሆነ ተራ ምክር አይበቃውም፤ በከባድ ገጠመኝ ሕክምና የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልጋል። ከጻፉት በመነሣት እኔ አስቀድሜ የምመረምረው ይህን ነው።

ሦስተኛው ድብርት ነው። ለሁለት ሳምንት እና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ደስታ መጥፋት ወይም ማዘን፣ ከዚያም ጋር የምግብ፣ የእንቅልፍ፣ የጉልበት እና የማሰብ ችግር ሲኖር ድብርትን ማሰብ ይገባል። ድብርት በስኳሩ ላይ የሚሠራው ከፍርሃት በተለየ መንገድ ነው፦ መለካት ይዘለላል፣ የተረሳ መርፌ ይበዛል፣ ልጅን መከታተል ራሱ ተራራ ይሆናል። በጤና ተቋማት የሚሠራበት የ9 ጥያቄው መጠይቅ (ፒኤችኪው-9) ከ0 እስከ 27 ነጥብ አለው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው፤ እሱ ላይ ከ0 ሌላ ማንኛውም መልስ ካለ ቀን ሳይለወጥ ለባለሙያ ይነገር። የንግግር ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 16 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው።

ቀጣዩን የሦስት ወር ምርመራ ስትጠብቁ አንድ ነገር ይወቁ። ያ ቁጥር ያለፉትን ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ይዞ ቢመጣም፣ ግማሹን ያህል የሚወስነው የመጨረሻው ወር ነው። ደብተሩ 2 ሳምንት፣ ብስኩቱን መቀነሱ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ እንግዲህ ከዛሬ ጀምረው ከ10 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ቢያስመረምሯት ለውጡ ይታያል። ከ9.1 ወደ 8.4 ቢወርድ ትልቅ ነገር ነው፤ 7 ላይ ካልደረሰ ብለው አይዘኑ። ከዚያ ቀን በፊት ግን የጠዋቷን ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ያነጻጽሩ፤ ለውጡ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።